የአባዬ ጥያቄዎች በእኔ ስልክ

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ዛሬ ለመጨረስ የቆረጥኩት ባለፈው ሳምንት ልጄ በጠየቀኝ ነገር ምክንያት ነው፤ እሱን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት ለአባዬ ስማርት ስልክ ገዛሁለት። ኢሜይል የሚባል ነገር ኖሮት አያውቅም። ስልኩን ስከፍተው አካውንት ጠየቀኝ፤ ቸኩዬ ስለነበር "በኋላ የራሱን እከፍትለታለሁ" ብዬ የእኔን አስገባሁ። ያ "በኋላ" ሳይመጣ ቀረ።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ደስ ይል ነበር። ዩቲዩብ እኔ ሰምቼ የማላውቃቸውን የጥንት ዘፈኖች ያመጣልኝ ጀመር። ጉግል ላይ አንድ ሁለት ፊደል ስነካ ደግሞ ከጎኑ ትንሽ ሰዓት የተሣለበት፣ እኔ ያልጻፍኩት ጥያቄ ብቅ ይላል። የማን እንደሆነ ለማወቅ አልተቸገርኩም። አባዬ በቃልና በቃል መካከል ባዶ ቦታ አይተውም፤ ድሮ ደብዳቤ ሲጽፍ እንደለመደው ሁለት ነጥብ ያደርጋል። "የግድግዳ፡ሰዓት፡ለምን፡ወደኋላ፡ይቀራል"፣ "የጨረቃ፡ግርዶሽ፡መቼ፡ነው"። እያነበብኩ ብቻዬን እስቅ ነበር።

ከአራት ወር በፊት "እጅ፡ሲንቀጠቀጥ፡ምን፡ይደረጋል" የሚል መጣ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ "የሰው፡ስም፡መርሳት፡በሽታ፡ነው፡ወይ"። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። የአካውንቱ የእንቅስቃሴ መዝገብ የት እንዳለ ፈልጌ አገኘሁት፤ አሁን ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የምከፍተው እሱን ነው። ሰዓቱን ሳይቀር ይዘረዝራል። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የጻፈው "ለልጆች፡ሸክም፡ላለመሆን" ይላል። እዚያው ላይ ቆሟል፣ ዓረፍተ ነገሩ አላለቀም። ያን ቀን ሥራ ቦታ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ልጠይቀው ስሄድ ዓይኔ እጁ ላይ ነው። ብርጭቆ በሁለት እጁ ይይዛል። ድሮም እንዲህ ነበር የሚይዘው? እውነቴን ነው፣ አላስታውስም። "ጤናህ እንዴት ነው?" ስለው "ደህና ነኝ፣ ተመስገን" ይላል። እናቴም የምታውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም። ለወንድሜ እንዳልነግረው ምስጢር አይቋጥርም፤ በማግሥቱ ቤተሰቡ በሙሉ ይሰማል።

ልንገረው እላለሁ፤ ግን አባዬ ኩሩ ሰው ነው፣ ልጁ ጓዳውን እንዳየችበት ሲያውቅ ያፍራል፤ ከዚያ በኋላ ጉግልን እንኳ መጠየቅ ይተዋል። ዝም ብዬ ስልኮቹን ልለያያቸው እላለሁ፤ ያን ጊዜ ደግሞ እኔም ምንም አላይም፣ እሱም ብቻውን ይቀራል። እንዲሁ ማየቴን ልቀጥል ብል እንደ ሌባ ይሰማኛል።

ልጄ ዐሥር ዓመቱ ነው። ባለፈው ሳምንት ለቤት ሥራው ስልኬን ይዞ አንድ ነገር ሊፈልግ "ለ" ብሎ ሲጀምር ያ ጥያቄ ወጣለት። ዞር ብሎ "እማዬ፣ ሸክም መሆን ምንድን ነው?" አለኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ምን ላድርግ?

የአባቷ ልጅ ነኝ

*

እህቴ፣

ደብዳቤውን በአራተኛው ስለጨረስሽው አመሰግንሻለሁ። እንዲህ ያለ ነገር አራት ወር ሙሉ በሆድ ይዞ መክረም ቀላል አይደለም። የምነግርሽ ብዙ ነው፤ በአንድ ነገርም ካንቺ ጋር አልስማማም። በመጀመሪያ ግን "ሌባ" የሚለውን ቃል ላንሳልሽ።

የሰው ስልክ አንስተሽ አልበረበርሽም። አንድ አካውንት ሁለት ስልክ ላይ ሲገባ ጉግል ሁለቱንም የያዘው አንድ ሰው አድርጎ ነው የሚቆጥረው። አባትሽ የጻፉትን ያቀረበልሽም አንቺ ራስሽ ቀደም ብለሽ የጻፍሽው መስሎት ነው፤ ያቺ ትንሽ ሰዓት "ይህን ከዚህ በፊት ጠይቀሽ ነበር" ማለቷ ነው። ለወላጅ ስልክ ሲገዛ ቸኩሎ የራስን አካውንት ማስገባት በየቤቱ ያለ ነገር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች ወደ አንቺ መጡ እንጂ አንቺ አልሄድሽባቸውም። የጠዋቱ መዝገብ ሌላ ነው፤ እሱን ግን ራስሽ ለይተሽ ጽፈሽዋል፣ እኔ አልደግመውም። ከፍርሃት የመጣ መሆኑ ይገባኛል። አባቷን የምትወድ ልጅ ያንን አንብባ እንዳላየ ማለፍ ይከብዳታል።

አሁን ወደ ጥያቄዎቹ ልምጣ። አንድ እውነተኛ ታሪክ ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ2006 ኤኦኤል የተባለው የኢንተርኔት ኩባንያ ለተመራማሪዎች ይጠቅማል ብሎ የ650 ሺህ ያህል ደንበኞቹን የሦስት ወር ፍለጋ፣ ስማቸውን በቁጥር ተክቶ፣ ይፋ አደረገው። የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጠኞች አንዱን ቁጥር ይዘው ፍለጋዎቹን እያያያዙ ሄደው ሄደው ባለቤቱን አገኙ፤ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴት ነበሩ። ከጻፏቸው ነገሮች መካከል "የእጅ መንቀጥቀጥ" የሚል ነበረበት። ስለ አፍ መድረቅም፣ ስለ አእምሮ ሕመምም ጠይቀዋል። ዝርዝሩን ብቻ ያየ ሰው እኚህ ሴት ስንት በሽታ ተሸክመዋል ብሎ ያዝንላቸዋል። ሲጠየቁ ግን የፈለጉት ለወዳጆቻቸው መሆኑን ተናገሩ፤ ጓደኛ በሕመም ሲጨነቅ መልስ ፈልገው ያረጋጉ ነበር።

ይህን የነገርኩሽ ላጽናናሽ ብዬ አይደለም፤ አባትሽ ታመው ሊሆን ይችላል። ግን የማን እጅ እንደሚንቀጠቀጥ ገና አታውቂም። አራት ወር ሙሉ የአባትሽን እጅ ስታዪ የእናትሽን እጅ አይተሻል? አባትሽ ስም የሚረሳ የቀድሞ የሥራ ባልደረባ፣ የታመመ ወንድም የላቸውም? በመፈለጊያው ሳጥን ውስጥ ሰው የሚጽፈው የሐሳቡን ጫፍ ነው፤ "እኔ" ወይም "እሱ" ብሎ አይጽፍም። አንቺ ያነበብሽው አራት ቃል ነው፣ የቀረውን ታሪክ የሞላው ፍርሃትሽ ነው። ብርጭቆውን ድሮ እንዴት ይይዙ እንደነበር አላስታውስም ማለትሽን በጣም ወደድኩት፤ በዚያ ሰዓት እውነተኛ ነሽ። እዚያው ላይ ቆዪ።

የሌሊቱን ጥያቄ ግን በዚህ መንገድ ላቃልለው አልፈልግም። "ለልጆች ሸክም ላለመሆን" ብሎ መጀመር ስለ ጡረታ ገንዘብም፣ ስለ ሰውነት እንቅስቃሴም፣ ስለ ኑዛዜም ሊሆን ይችላል፤ ብዙ አረጋዊ በዚያ ሰዓት ነቅቶ የሚያስበው ይህንኑ ነው። ነገር ግን አንድ ሰው ለሚወዳቸው ሸክም ሆንኩ ብሎ ማመኑ ሐኪሞች እንደ ቀላል የማያልፉት ስሜት ነው። መዝገቡ ውስጥ ስለ መሞት ወይም አለመኖርን ስለ መመኘት የሚናገር ነገር አይተሽ ከሆነ፣ ወይም አባትሽ ዕቃቸውን ማደል፣ ከሰው መሸሽ፣ መሰናበት የሚመስል ነገር ከጀመሩ፣ ከዚህ በታች የምጽፈውን ቅደም ተከተል ተዪውና ዛሬውኑ አጠገባቸው ሁኚ። በቀጥታ ጠይቂያቸው፦ "አባዬ፣ መኖር የሚያስጠላህ ጊዜ አለ?" መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባም፤ ይህ በደንብ የታወቀ ነገር ነው። መልሱ ካሳሰበሽ ብቻቸውን አትተያቸው፣ ወደ ሐኪም ይዘሻቸው ሂጂ። ከጻፍሽው ውስጥ እንዲህ ያለ ምልክት አላየሁም፤ አንቺ ግን ከእኔ የበለጠ አይተሻል።

አሁን ስለማልስማማበት ነገር። "ስልኮቹን ከለያየሁ ብቻውን ይቀራል" ብለሻል። እህቴ፣ አባትሽ አሁንም ብቻቸውን ናቸው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያንን ሲጽፉ አንቺ ተኝተሽ ነበር፤ ጠዋት ስታነቢው ደግሞ እሳቸው ማንም እንደደረሰላቸው አላወቁም። አየሻቸው እንጂ አልደረስሽላቸውም። ያ መዝገብ ለአባትሽ ያደረገው ነገር የለም፤ አንቺን ግን በየቀኑ እያደከመሽ ነው። ቤታቸው ሄደሽ እንኳ እጃቸውን ትጠብቂያለሽ እንጂ ከእሳቸው ጋር አትቀመጪም። መለየቱ የሚወስድብሽ ማየቱን ብቻ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጊ፤ ከራስሽ ስልክ የሚሠራ ነው፣ የአባትሽን ስልክ አይነካም። በጉግል አካውንትሽ ውስጥ የድርና የመተግበሪያ እንቅስቃሴ የሚለውን ፈልጊና አጥፊው። ያ ማብሪያ ማጥፊያ ለስልኩ ሳይሆን ለአካውንቱ ስለሆነ፣ ከዛሬ ጀምሮ የሚጻፈው ነገር በሁለቱም በኩል አይመዘገብም። የዩቲዩቡ ለብቻው ነው፣ እሱንም አጥፊው። ክሮም በተባለው ማሰሻ ቅንብር ውስጥም የታሪክ ማመሳሰያውን ዝጊ። ያለፈውን ግን አንቺ አትሰርዢው። የአባትሽ ነው፤ ይቅር ወይም ይጥፋ የሚሉት እሳቸው ናቸው። ለልጅሽ ደግሞ የሚፈልገውን በሌላ ማሰሻ ውስጥ፣ አካውንትሽ ባልገባበት ክፈቺለት፤ ያኔ የአያቱ ጥያቄ አይወጣበትም።

ከዚያ መናገሩ ይመጣል። ብዙ ሰው "ያየሽውን ደብቂና ስለ ጤናው ብቻ ጠይቂው" ይልሻል። እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት እሱን ነበር፤ ክብራቸውን የሚጠብቅ ይመስላል። ግን አስቢው። አንቺ አውቀሽ እሳቸው ሳያውቁ የሚደረግ ወሬ ሲሆን ከአንቺ አፍ የሚወጣው ጥያቄ ሁሉ ወጥመድ ይሆናል። "እጅህን ያምሃል?" ስትዪ "ምን አይታ ነው?" ይላሉ። ከስድስት ወር በኋላ የወንድምሽ ልጅ ወይም የስልክ ጠጋኝ "ይሄ እኮ የልጅዎ አካውንት ነው" ሲላቸው ደግሞ ያለፈውን ሁለት ዓመት ሁሉ ወደኋላ እየቆጠሩ ያፍራሉ፣ ያኔ አጠገባቸው የለሽም። ማፈራቸው ካልቀረ አንቺ ባለሽበት፣ ጥፋቱንም አንቺ በወሰድሽበት ይሁን። ስለዚህ እኔ ንገሪያቸው እላለሁ። ግን ያየሽውን ሁሉ አትቁጠሪ። ቃላቸውን አትድገሚላቸው፤ በተለይ የሌሊቱን።

በስልክ አይሁን። እናትሽና ወንድምሽ በሌሉበት፣ ቀን፣ ፊት ለፊት ሳይሆን ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ፣ ስልካቸው በእሳቸው እጅ እያለ። ሁለት ሰው አንድ ስልክ ላይ አጎንብሶ ሲያወራ ዓይን ለዓይን መተያየት የለም፤ ኩሩ ሰው እንዲህ ሲሆን ይቀለዋል። እንዲህ ብትጀምሪስ፦

"አባዬ፣ ይቅርታ የምጠይቅህ ነገር አለ። ስልኩን ስገዛልህ ቸኩዬ የእኔን አካውንት አስገብቼበት ነበር። በዚያ ምክንያት አንተ የምትፈልጋቸው አንዳንድ ነገሮች እኔ ስልክ ላይ ይመጡ ነበር። ቶሎ ልነግርህ ሲገባኝ ዘገየሁ። ስለ ጤና የሆኑም አይቻለሁ። የራስህን ልከፍትልህ ነው የመጣሁት።"

ከዚያ ዝም በይ። ዝምታው ይረዝማል፣ አንቺም ለመሙላት ትቸኩያለሽ፤ አትሙዪው። ከተቆጡ ተቆጥተው ይጨርሱ፤ "ልክ ነህ" ከማለት ሌላ መከላከያ አታምጪ። "ለጓደኛዬ ነው" ካሉ እመኛቸው። እውነትም ሊሆን ይችላል፤ ባይሆን እንኳ ስለ ጓደኛቸው እያወራችሁ የሚፈልጉትን ሁሉ ሊጠይቁሽ ይችላሉ። "ታዲያ ለሐኪም አሳይቷል?" በይ፣ "ካላሳየ አብሬው እሄዳለሁ" በይ። መልሱ በዚያ ቀን ባይመጣ አትጨነቂ። እንዲህ ያለ ወሬ ብዙ ጊዜ የሚቀጥለው ከሳምንት በኋላ፣ በር ላይ ሲሸኙሽ ነው።

ሸክምነቱን በተመለከተ ሳታነሺው ልትመልሺው ትችያለሽ። ከእሳቸው የሚያስፈልግሽን ነገር ጠይቂ፣ የእውነት የሚያስፈልግሽን። ልጅሽን ሳምንት አንድ ቀን የሚያስጠናው ሰው ትፈልጊያለሽ? የድሮ ደብዳቤያቸውን እንዲያነቡልሽ ትፈልጊያለሽ? ሰው ሸክም ነኝ ብሎ የሚያስበው ብዙ ጊዜ ሁሉም ሊያግዘው ሲመጣ እንጂ እገዛ ፈልጎ ወደሱ ሲመጣ አይደለም።

ስለ ሕመሙም ትንሽ ልበል፣ ሐኪም ባልሆንም። እ.ኤ.አ. በ2008 የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች ራየን ዋይትና ኤሪክ ሆርቪትዝ ሰዎች ሕመማቸውን ኢንተርኔት ላይ ሲፈልጉ ምን እንደሚሆን አጥንተው ነበር። ተራ የራስ ምታት ብሎ የጀመረ ሰው በጥቂት ንክኪ የአንጎል ዕጢ ላይ ይደርሳል፤ ያልተለመደውና የሚያስፈራው በሽታ ከሚገባው በላይ ይጻፍበታልና። አባትሽ በሌሊት የሚያነቡት እንዲህ ያለውን ከሆነ ስለ እጅ መንቀጥቀጥ መጀመሪያ ያገኙት ፓርኪንሰን የሚባለውን የነርቭ በሽታ ነው። እሱን እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1817 ጽፎበታል፣ ስሙም የታወቀ ነው። ከእሱ ይበልጥ ብዙ ሰው ላይ የሚታየው ግን ኤሴንሻል ትሬመር የሚባለው ነው፤ እጅ ሥራ ሲይዝ፣ ብርጭቆ ሲያነሳ ወይም ሲጽፍ የሚንቀጠቀጥበት። የፓርኪንሰን መንቀጥቀጥ በአብዛኛው እጅ ጭን ላይ ዐርፎ ሲቀመጥ ነው የሚታየው። የታይሮይድ ዕጢ ከመጠን በላይ መሥራትም፣ አንዳንድ የአስምና የሌላ ሕመም መድኃኒቶችም እጅ ያንቀጠቅጣሉ። የሰው ስም መርሳትም እንዲሁ ነው፤ ከዕድሜ ጋር ስም ዘግይቶ መምጣቱ የተለመደ ነው፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀት፣ የቫይታሚን ቢ12 ማነስ፣ የጆሮ መድከም ሳይቀር ይጨምሩበታል። ከእነዚህ ብዙዎቹ በደም ምርመራ የሚለዩ፣ የሚታከሙም ናቸው።

ይህን የምጽፍልሽ ቤት ውስጥ እንድትመረምሪያቸው አይደለም። ጉግል የአባትሽን እጅ አያይም፤ ሐኪም ግን ያያል። ብዙ ጊዜ ወረቀት ሰጥቶ እየሰፋ የሚዞር ክብ መስመር ያስሥላል፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ያስጽፋል፤ ከመስመሩ መወላገድና ከፊደሉ ማነስ ብዙ ነገር ይረዳል። አባትሽ የደብዳቤ ሰው ናቸውና ይህ ምርመራ የሚከብዳቸው አይመስለኝም። ከመሄዳችሁ በፊት የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ስም በሙሉ በወረቀት ላይ አስፍሩ። በድንገት አንድ ጎን ቢዝል፣ ፊት ቢጣመም፣ ንግግር ቢኮላተፍ ግን ቀጠሮ የለም፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው።

ለወንድምሽ አትንገሪው፤ ካሉ እሳቸው ይንገሩት። ለልጅሽ ግን መልስ አለብሽ፣ ጥያቄው ተንጠልጥሎ ቀርቷል። የአያቱን ስም ሳታነሺ፣ "አንዳንድ ትልልቅ ሰዎች ሰው እየረዳቸው እንዳያስቸግሩ ይሰጋሉ፤ እኛ ግን የምንወደውን ሰው ስንረዳ አንቸገርም" በዪው። ያ ጽሑፍ በስህተት ወደ እኛ ስልክ የመጣ የሌላ ሰው ነገር መሆኑን፣ ስለዚህም እንደማናወራው ንገሪው። ዐሥር ዓመት ይህን ለመረዳት ይበቃል። ሁለት ነጥቦቹን አይቶ አውቆባቸው ከሆነም አትዋሺው፤ እንዲጠብቅላቸው ብቻ ጠይቂው።

የቀረው የስልኩ ሥራ ነው፤ እዚህ ላይ አትቸኩዪ። አካውንትሽን ከስልካቸው ላይ ዝም ብለሽ ብታነሺ ከአካውንቱ ጋር የተመሳሰሉት የስልክ ቁጥሮች አብረው ይጠፋሉ፤ አንድ አረጋዊ ጠዋት ተነስቶ የማንም ቁጥር ሲያጣ የሚሰማውን አስቢ። ስለዚህ መጀመሪያ ቁጥሮቹን ወደ ፋይል አውጪ፣ አዲሱን አካውንት ክፈቱ፣ ቁጥሮቹን ወደዚያ አስገቢ፣ አንድ በአንድ መኖራቸውን አብራችሁ እዩ፣ ፎቶዎቹም መምጣታቸውን አረጋግጡ፣ የአንቺ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ቴሌግራም የታሰረው በስልክ ቁጥራቸው ስለሆነ አይነካም። የይለፍ ቃል ሲጠፋ መመለሻ የሚሆነው ቁጥርም የራሳቸው ይሁን እንጂ የአንቺ አይሁን። የይለፍ ቃሉን በማስታወሻ ደብተራቸው ላይ ይጻፉት፤ ለእሳቸው ዕድሜ ይህ ደህና ነው።

ተከፍተው ያገኘሻቸውን ገጾች አትዝጊባቸው። የእናቴን ስልክ ያየሁ ጊዜ፣ የክሮም የገጽ ቁጥር የሚታይባት ትንሽ ሳጥን ውስጥ ቁጥር አልነበረም፤ ሁለት ነጥብና አንድ ፊደል ተጋድመው የሠሩት የሚስቅ ፊት ነበር። አንድሮይድ ላይ የተከፈቱ ገጾች ከ99 ሲያልፉ የሚመጣ ነው። ላጸዳላት ብዬ ስጀምር እጄን ያዘችኝ፤ "ከዘጋኸው ደግሞ የት አገኘዋለሁ?" አለችኝ። ለእሷ ገጽ መዝጋት የጠፋ ወረቀት ነበር። የአባትሽም እንዲሁ ይሆናል።

ለወደፊቱ የሚጠቅሟቸውን ሁለት ሦስት ነገር አሳዪያቸው። ሰዓት ያለበትን ጥያቄ ጣትን ጫን አድርጎ በማቆየት መሰረዝ ይቻላል። በአዲሱ አካውንት መዝገቡ በ3፣ በ18 ወይም በ36 ወር ራሱን እንዲያጠፋ ማድረግ ይቻላል፤ የሚመርጡት እሳቸው ናቸው። በስውር የሚከፈተው ገጽ ስልኩ ላይ ታሪክ አያስቀርም፤ ያ ማለት ግን የሚጎበኙት ድረ ገጽም ሆነ ኔትወርኩን የሚሰጠው ድርጅት አያይም ማለት አይደለም፤ ይህን በግልጽ ንገሪያቸው፣ እንዳይታለሉ። እጁ የእሳቸው መሆኑን ራሳቸው ከነገሩሽ ብቻ፣ ሳትቀድሚያቸው፣ የማይክሮፎኗን ምልክት አሳዪያቸው፦ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2017 በድምፅ መጻፍን በብዙ አዳዲስ ቋንቋዎች ሲጀምር አማርኛም ከመካከላቸው ነበር፤ እጅ ሲንቀጠቀጥ በአፍ መጠየቅ ይቀላል። በተደራሽነት ቅንብር ውስጥም ጣት ተጭኖ የሚቆይበትን ጊዜ ማርዘም ይቻላል፤ ሳይፈልጉት የሚከፈተው ነገር ይቀንሳል።

አዲሱን አካውንት ስትከፍቱ የይለፍ ቃል የሚጻፍበት ቦታ ላይ ስትደርሱ ስልኩን መልሰሽ ስጫቸው። ሁለት ነጥቧን ያስገቡ አያስገቡ አትዪ። ጽፈው እስኪጨርሱ ድረስ ፊትሽን ወደ መስኮቱ አዙሪ።